አንድ ምት የዘገየ አውራ ጣት

ሰኞ ጠዋት በሰዓት ሠሪው ሱቅ መስታወት ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፎ ታየ። በትልልቅ ፊደል፣ በማስመሪያ ተሰምሮ «ከዛሬ ጀምሮ የሴት ሰዓት አንቀበልም» ይላል። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ሦስት ሴቶች ተቆጥተው ገብተው፣ ብሶባቸው ወጡ።

«ምን በድለንህ ነው?» አለች የመጀመሪያዋ፣ ከመንገዱ ማዶ ደብተርና እስክሪብቶ የምትሸጠው።

«ኧረ እናንተን አይደለም! ትንንሽ ስለሆኑ ነው።»

«እኛ?»

«ሰዓቶቹ!»

«ታዲያ ትንሽ ሰዓት አልቀበልም ብለህ አትጽፍም? ለመሆኑ ሚስትህ ይህን አንብባዋለች?»

አላነበበችም። ሰዓት ሠሪውም የፈራው እሱን ነበር።

የዚህ ሰውዬ ስም በመታወቂያው ላይ ብቻ ከቀረ ቆየ። ሰፈሩ የሚያውቀው ጋሽ ሰከንድ ብሎ ነው። «ስንት ሰዓት ሆነ?» ሲሉት «አራት ከሃያ ሰባት ደቂቃ ከአሥራ ስምንት ሰከንድ... አይ፣ አሁን ሃያ ሆነ» ብሎ የሚመልስ ሰው ሌላ ምን ስም ይወጣለታል? አውቶቡስ የሚጠብቅ ሰው እንኳ የቸኮለ ከሆነ እሱን አይጠይቅም። መልሱን ሰምቶ እስኪጨርስ አውቶቡሱ ያመልጠዋላ።

ወረቀቱን የለጠፈበትን ምክንያት ግን ለማንም አልተናገረም። እንደ እሱ ግምት እጁ ዘግይቷል። ይህን የነገረችው ደግሞ እህቱ ናት፤ ያውም ሳታስበው፣ በጌም።

እህቱ በአራት ዓመት ትበልጠዋለች። ልብስ ሰፊ ናት፤ አፏም እንደ መርፌዋ ነው። በልጅነታቸው ከትምህርት ቤቱ አዳራሽ የጠረጴዛ ቴኒስ ላይ ሁለቱን የሚያወርዳቸው አልነበረም። የሚያጣላቸው ማን ማንን ያወርዳል የሚለው ብቻ ነበር። ዕድሜ መጣ፣ የእህትየው ጉልበት «ከእንግዲህ በቃኝ» አለ። ይህን ጊዜ ራቅ ያለ ከተማ የምትሠራው የጋሽ ሰከንድ ልጅ ሁለት ያገለገሉ የጌም ማጫወቻዎች ላከችና አንዱን ለአባቷ፣ አንዱን ለአክስቷ አስተከለች። ከዚያ ወዲህ በየእሁዱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁለቱ በየቤታቸው ሶፋ ላይ ይቀመጣሉ፤ ጆይስቲካቸውን ይይዛሉ፤ ስልካቸውን ድምፁን ከፍተው ከጎናቸው ያስቀምጣሉ። ኳሷ በኢንተርኔት ትመላለሳለች፣ ስድቡ ደግሞ በስልክ። አንድ ዓመት ሙሉ አንዱን እሁድ እሱ፣ ሌላውን እሁድ እሷ እያሸነፉ በሰላም ኖሩ።

ከወር በፊት ልጅቷ ለአባቷ ልደት አዲስ ቴሌቪዥን ላከችለት። ግድግዳውን የሚያክል፣ ውብ ነገር። የጠረጴዛው እንጨት መስመሩ ይታያል፣ በተጫዋቹ ግንባር ላይ የላቡ ጠብታ ይቆጠራል፣ ኳሷ ላይ ያለው ጽሑፍ ሳይቀር ይነበባል። ጋሽ ሰከንድ ደግሞ ደቃቅ ነገር ማየት የሚወድ ሰው ነው። ቴሌቪዥኑን በአጉሊ መነጽሩ ሊያየው ቀርቦ ሚስቱ በክርኗ መልሳዋለች።

ከዚያች ቀን በኋላ ግን በመጀመሪያው እሁድ አሥራ አንድ ለአራት ተሸነፈ። በሚቀጥለው እሁድ አሥራ አንድ ለሦስት። ቀጥሎ ለአምስት። ትናንት እሁድ ደግሞ ለሁለት።

«አንተ ልጅ፣ ተኝተህ ነው የምትጫወተው?» አለችው እህቱ በስልኩ። «ኳሷ ካለፈች በኋላ እኮ ነው እጅህን የምታወዛውዘው። እየተሰናበትካት ነው?»

«ኢንተርኔቱ ነው።»

«የኔ ኢንተርኔት ሌላ ነው? ሽንፈት ሲመጣ ሁሉም ሰው መሐንዲስ ይሆናል!»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ኢንተርኔቱን አጥፍቶ ከማሽኑ ጋር ብቻውን ተጫወተ። ያው ነው። ኳሷ ስትመጣ ያያታል፣ ይጫናል፣ ኳሷ ግን አልፋ ሄዳለች። ያን ጊዜ ነው አባቱ ትዝ ያለው።

አባቱም ሰዓት ሠሪ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ካቻቢቴውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና «እጄ ከዓይኔ ኋላ ቀረ» አለ። ያን ቀን ሱቁን ለልጁ ለቆ ዳግመኛ አልተመለሰም። ያኔ ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነበር። ጋሽ ሰከንድም ዘንድሮ፣ ከአዲሱ ቴሌቪዥን ጋር፣ ሃምሳ ስምንት ሞላው።

ሰው አንዴ ራሱን ከጠረጠረ ማስረጃ አያጣም። ባለፈው ዓርብ አንዲት ብሎን ከወረንጦው ላይ ዘላ ጠፍታበት ነበር። ሐሙስ ዕለት ደግሞ የሻይ ብርጭቆ ሊያነሳ ሲል ሊያመልጠው ለጥቂት ነው። በጠረጴዛው ላይ ደግሞ፣ በተገለበጠ ብርጭቆ ሥር፣ አንዲት ጥፍር የምታክል የሴት ሰዓት ዘጠኝ ቀን ሳትከፈት ተቀምጣለች። ባለቤቷ በጡረታ ያለች ነርስ ናት፤ ሰፈሩ ሁሉ ሲስተር ይላታል። ሰዓቷን ስትሰጠው፣ «የዚህን ሰፈር ሰው ልብ የቆጠርኩት በዚች ሰከንድ ቆጣሪ ነው። አሁን ቆማብኛለች። አደራ» ብላ ነበር የሄደችው። ቀጠሮዋ የሚቀጥለው ሳምንት ማክሰኞ ነው። ሰዓቷን ለመጠገን ጸጉር የምታክል ሞላ መንካት አለበት። ያቺን ሞላ ደግሞ የዘገየ እጅ አንዴ ካጣመማት የሚያቃናት አይገኝም።

እንግዲህ ወረቀቱ የተጻፈው በዚህ ምክንያት ነው። ሲስተርንም ሰዓቷን እንደታሸገች ሊመልስላት ወስኗል።

ሚስቱ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ናት። የተለጠፈ ነገር ሁሉ ሳታነብ የማታልፍ ሴት ስለሆነች፣ ሰኞ ከሥራ ስትመለስ ወረቀቱን አነበበች። እራት እስኪቀርብ እንኳ አልጠበቀችም።

«ሴት ምን አድርጋህ ነው?»

«እጄ ዘገየ» አላት፣ ቁልቁል እያየ።

«ከማን?»

«እንዴት ከማን?»

«ዘገየ የሚባለው እኮ ከሌላ ነገር ጋር ሲተያይ ነው። ደንበኛ መጥቶ ሰዓቴ ዘገየ ሲልህ ምን ትለዋለህ?»

ጋሽ ሰከንድ ቀና ብሎ፣ «ከምን ጋር አስተያይተኸው ነው? እለዋለሁ» አለ።

«እና አንተ ከምን ጋር ተያየህ?» አለችና ጆይስቲኩን ከሶፋው ላይ አነሳች። በሕይወቷ ነክታው አታውቅም። «የቱ ነው የሚመታው? ይሄ? በል ክፈተው።»

ከማሽኑ ጋር ጀመረች። ኳሷ መጣች፣ ሴትየዋ ተጫነች፣ ኳሷ አለፈች።

«ተጫንኩ እኮ!» አለች። ሁለተኛዋ መጣች። «ተጫንኩ! ኧረ ተጫንኩ! ይሄ ተጫዋች ጆሮው አይሰማም እንዴ?»

ጋሽ ሰከንድ ሊስቅ አፉን ከፈተና ሳይስቅ ቀረ። የአዝራሩን ድምፅ ሰምቶ ነበር፤ ቀጭ የምትለዋን። ቀጭ አለች፤ ከዚያ ራኬቱ ተነሳ። በመሃል ግን አንድ ነገር አለ። አርባ ዓመት ጆሮውን ሰዓት ላይ ለጥፎ የኖረ ሰው ነውና ያን መሃል ያውቀዋል። አንገቱን ወደ ጆይስቲኩ ዘንበል አደረገ።

«ድገሚው። ዓይኔን አትዪው፣ ዝም ብለሽ ድገሚው።»

ቀጭ። ከዚያ ራኬቱ።

«አንድ ምት» አለ ቀስ ብሎ። «ልክ አንድ ምት ነው የሚዘገየው።»

የእጅ ሰዓት በሰከንድ አምስት ጊዜ ይመታል፤ ቢያንስ እሱ የለመዳቸው አሮጌዎቹ። ስለዚህ አንድ ምት ማለት የሰከንድ አንድ አምስተኛ ነው። ለዳቦ ሰልፍ ምንም አይደለም። ለጠረጴዛ ቴኒስ ኳስ ግን መንገዱን ጨርሶ ቤቱ የሚገባበት ጊዜ ነው።

ሚስቱ ጆይስቲኩን አስቀመጠች። «ታዲያ የኔም እጅ ዘግይቷላ?»

«እሱ ነው የገረመኝ» አለ ጋሽ ሰከንድ። ከአራት ሳምንት ወዲህ ፊቱ ላይ ከኩርፊያ ሌላ ነገር ሲታይ ያ የመጀመሪያው ነበር።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ሱቁን ቀደም ብሎ ዘጋና ሥራው ላይ የሚጠቀምበትን ዘዴ ቤት አመጣው። ስልኩ አንድን ሰከንድ ሁለት መቶ አርባ ቦታ ከፍሎ ይቀርጻል፤ የሰዓት ጎማ ወዲያና ወዲህ ሲወዛወዝ አዘግይቶ ለማየት ነበር የሚጠቅመው። አሁን ስልኩን በሚስቱ መጻሕፍት ቁልል ላይ አቆመው፤ የእሷ አውራ ጣትና ቴሌቪዥኑ አብረው እንዲታዩ አደረገ።

«መዝገበ ቃላቱን ከታች አድርገው» አለች። «ልብ ወለዱ ይጎብጣል።»

ተጫነች፣ ቀረጸ። ከዚያ በሌንሱ ተጎንብሶ፣ ምስል በምስል እየገፋ፣ ጣቷ ታች ከደረሰበት ራኬቱ እስኪነቃነቅ ቆጠረ። ሃምሳ ሁለት። እንደገና አስጫናት፤ ሃምሳ ሦስት። ራሱ ተጫነ፤ ሃምሳ ሁለት። ደግሞ ሃምሳ፣ ደግሞ ሃምሳ አራት። በደብተር አሥር ቁጥር ጻፈና ረጅም ጊዜ አያቸው።

«ሰው ቢሆን አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ ያዛጋል» አለ። «እኔና አንቺ እኩል የዘገየንበት ነገር... እንዲህ እኩል የሚዘገይ ሰው አይደለም።»

«ተገላገልና! በል ወረቀቱን አንሳው።»

«ሌባው ተያዘ ማለት ዕቃው ተገኘ ማለት አይደለም» አላት። «ማሽኑ ዘገየ። እኔ ግን አልዘገየሁም ያለ ማነው?»

ሚስቱ ወደ ጣሪያው አየች። ሠላሳ ዓመት አብራው ስለኖረች ጣሪያውን በደንብ ታውቀዋለች።

ረቡዕ ዕለት መዝገበ ቃላቱን በብብቱ ይዞ እህቱ ቤት ሄደ። የእህቱ ቴሌቪዥን ከልብስ ስፌት መኪናዋ ጎን፣ በክር ማስቀመጫ ሳጥን ላይ የተቀመጠች ትንሽ አሮጌ ነገር ናት። ጠረጴዛው ስክሪኗ ላይ አንድ አረንጓዴ እድፍ ይመስላል። የተጫዋቹ ፊት አፍንጫ ያለው አይመስልም።

«ቴሌቪዥኔን ልትሰድብ ከሆነ ሻይ አላፈላም» አለችው።

«ልቆጥር ነው የመጣሁት። ተጫኚ።»

«ምኑን ነው የምትቆጥረው?»

«ጣትሽ ከወረደበት ራኬቱ እስኪነሳ።»

ተጫነች። ተጎንብሶ ቆጠረ። ሃያ። ደገመች፣ አሁንም ሃያ። ከዚያ ጆይስቲኩን ተቀብሎ ራሱ አንድ ሁለት ኳስ መታ፤ ኳሷም እንደ ድሮዋ ጣቱን ሰማችው። ልቡ ዘለለች፤ ነገር ግን ፊቱን አልለወጠም።

«ስንት ሆነ?» አለች እህቱ።

«ሃያ።»

«ያንተስ?»

«ሃምሳ ሁለት።»

እህቱ መቀሷን አስቀመጠች። ለትንሽ ጊዜ ምንም ስድብ አልመጣላትም፤ ይህ ደግሞ በቤተሰቡ ታሪክ የሚመዘገብ ነው።

«ስለዚህ አራቱን እሁድ ልትነጥቀኝ ነው የመጣኸው» አለች በመጨረሻ። «እኔ እኮ ሳምንቱን ሙሉ እየዘፈንኩ ነበር የምሰፋው።»

«አልነጥቅሽም፣ እትዬ። ያሸነፍሽው አሸንፈሻል። እኔ ያጣሁትን ነው የምፈልገው።»

«ምን አጣህ?»

ስለ አባታቸው እጅ ሊነግራት ፈለገ፤ አፉ ግን እምቢ አለው። «ሠላሳ ሁለት ምስል» አላት።

አየችው። አባታቸው ካቻቢቴውን ያስቀመጠ ቀን እሷም ሱቁ ውስጥ ነበረች። ተነስታ ሻዩን አፈላች።

ከጋሽ ሰከንድ ሱቅ በሁለት በር ርቀት ቴሌቪዥን የሚጠግን ጎልማሳ አለ፤ ሽቦ ይሉታል። ቀጭን ስለሆነ ነው ይላሉ፤ እሱ ግን በሙያዬ ነው ባይ ነው። ሐሙስ ጠዋት ጋሽ ሰከንድ ደብተሩን ይዞ ገባበት።

«ጋሼ፣ የሴት ቴሌቪዥን እንቀበላለን፤ አትስጋ» አለ ሽቦ።

«ወረቀቱን ተወውና ይሄን አስረዳኝ። አዲስ ቴሌቪዥን ነው። እንደ ሐር ይለሰልሳል። ግን ይዘገያል።»

«እንደ ሐር ስለለሰለሰ ነዋ የሚዘገየው።» ሽቦ መበየጃውን አስቀመጠ። «ጌሙ ምስል ይልካል፤ ፍሬም ነው የሚባለው። በሰከንድ ሠላሳ ላከ እንበል። ቴሌቪዥኑ ደግሞ ሠላሳው አነሰኝ ይልና በየሁለቱ መሃል የራሱን ሥሎ ይሰካል። ማለስለሻ ነው። ዓይን ይወደዋል።»

«የራሱን? ጌሙ ያልላከውን?»

«ከራሱ ፈጥሮ።»

ጋሽ ሰከንድ ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ከዚያ ጣቱን አነሳ። «ቆይ። አንደኛው ምስል መጣ። ሁለተኛው ገና አልመጣም። መሃላቸውን በምን አውቆ ይሥላል?»

«አያውቅማ!»

«ስለዚህ ሁለተኛው እስኪመጣ አንደኛውን ይዞ ይጠብቃል።»

«አንዳንዱማ አንድ አይበቃውም፣ ሁለት ሦስት ይዞ ነው የሚጠብቀው።»

«በዛሬና በነገ መሃል ያለውን ለማወቅ ነገ መምጣት አለበት» አለ ጋሽ ሰከንድ፣ ለራሱ። «እኔ የማየው ትናንትን ነው ማለት ነው። የተኳኳለ ትናንት።»

«እንደዚያ ነው። ማስተካከያው ውስጥ ገብተህ ማለስለሻውን አጥፋው፤ ለጌም የሚል አለ፣ እሱን አድርግ።»

ያን ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ሮጦ ቤት ገብቶ አጠፋው። ምስሉ ወዲያው ተለወጠ። ያ እንደ ሐር ይፈስ የነበረው ነገር አሁን ቆረጥ ቆረጥ ይላል። ዓይኑ አኮረፈ። አውራ ጣቱ ግን ሌላ ነገር ነገረችው። ቆጠረ፤ ሠላሳ አንድ።

ደስ ብሎት ሻይ ሊቀዳ ተነሳና መንገድ ላይ ቆመ። የእህቱ ሃያ ነው። አሥራ አንዱ የት ገባ?

ወደ ሱቁ ሲመለስ ሽቦን ከበሩ ላይ ሆኖ ጠየቀው። ሽቦም፣ «አንተ ሠላሳ ፍሬም ነው የምትጫወተው፤ እሷ ስልሳ ትሆናለች» ብሎ ወደ ብየዳው ተመለሰ።

ይህቺ መልስ ጋሽ ሰከንድን ሙሉ ቀን አስቆዘመችው። ምስል ቢበዛ ለዓይን ነው እንጂ ለእጅ ምን ይፈይዳል? የእሱ ጣት አንድ ናት፤ የምትጫነው አንዴ ነው። ሥዕሉ ሠላሳ ቢሆን ስልሳ ቢሆን ጣቱ ምን አገባት? ደብተሩ ላይ ሠላሳና ስልሳ ብሎ ጻፈ፤ ከሥራቸው ሁለት መስመር አሰመረ፤ ምንም አልወጣለትም።

መልሱ የመጣው ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ በአውቶቡስ ነው። ሱቁ ፊት ለፊት ፌርማታ አለ። አንዲት ሴት ሁለት ዘንቢል ይዛ እየሮጠች መጣች፤ አንድ እርምጃ ሲቀራት በሩ ተዘጋና አውቶቡሱ ሄደ። ሴትየዋ ዘንቢሎቿን አስቀምጣ ሾፌሩን በሩቁ መረቀችው፤ ምርቃቱ እዚህ አይጻፍም። ያ መስመር በየሠላሳ ደቂቃው ነው። በዚያች ቅጽበት የሌላኛው መስመር አውቶቡስ መጣ፤ እሱ ደግሞ በየአሥራ አምስት ደቂቃው ነው። ያመለጠው ሰው እንኳ ቶሎ የሚቀጥለውን ያገኛል።

ጋሽ ሰከንድ ወረንጦውን እንደያዘ ብድግ አለ።

ማሽኑ ጣቱን ሁልጊዜ አያያትም! አዲስ ምስል ሊጀምር ሲል ብቻ ነው ቀና ብሎ «ማን ተጫነ?» የሚለው። ምስሉ አውቶቡሱ ነው፣ ጣቱ ተሳፋሪዋ ናት። በሩ ከተዘጋ በኋላ የተጫነ ሰው ቢጮህ ቢሮጥ የሚቀጥለውን መጠበቅ ነው። ያውም አንድ አውቶቡስ አይበቃም፤ አንዱ ይቀበላል፣ በሚቀጥለው ይሣላል፣ ደግሞ በሌላው ስክሪን ላይ ይደርሳል። በየመናኸሪያው መጠበቅ አለ። አውቶቡሱ ቶሎ ቶሎ የሚመጣ ከሆነ ግን ጥበቃው ሁሉ በየቦታው በግማሽ ይቀንሳል። ማለስለሻው ደግሞ ምን አደረገ? ባዶ አውቶቡሶች በመንገዱ ላይ አሰለፈ። መንገዱ ሞልቶ ይታያል፤ ግን አንዱም ተሳፋሪ አይጭንም!

ይህን ለማን ይንገር? ሽቦ ዘግቶ ሄዷል። ወደ መንገዱ ወጣና ዘንቢል ለያዘችው ሴት ሊነግራት ትንሽ ቀርቶት፣ ፊቷን አይቶ ተወው።

ቤት ሲደርስ ሚስቱ ሰምታ ጨረሰችና፣ «ታዲያ የኛ ማሽን ለምን ሠላሳ ሆነ? ሁለቱንም የገዛቻቸው አንዲት ልጅ ናት» አለች።

«እሱን ነው የማላውቀው።»

«አዲሱን ቴሌቪዥን የተከልክ ዕለት ማሽኑ አንድ ነገር ጠይቆህ ነበር እኮ። ሁለት ምርጫ። እኔ አንብቤልህ ነበር።» የተጻፈ ነገር አይረሳትም። «ውበት ይሻልሃል ወይስ ፍጥነት? አለህ። አንተም ሳልጨርስ ውበት አልክ።»

ጋሽ ሰከንድ ተቀመጠ። አርባ ዓመት ለደንበኛ «መልኩን ተወው፤ ሰዓት ማለት ውስጡ ነው» እያለ ሲመክር የኖረ ሰው፣ የእንጨት መስመር ቆጥሮ የላብ ጠብታ ሊያይ ብሎ ምቱን ሸጦታል። ማሽኑ እያንዳንዷን መስመርና ጠብታ ሲያሳምር በሰከንድ ሠላሳ ብቻ ይደርስለታል። ቀለል አድርጎ ቢሥል ስልሳ ይሥል ነበር።

ወዲያው እህቱ ጋ ደወለ።

«እትዬ፣ ማሽኑ ውበት ወይስ ፍጥነት ሲልሽ የቱን ነካሽ?»

«በስልሳ ሁለት ዓመቴ ውበት ምን ያደርግልኛል ብዬ ፍጥነቱን ነካኋ! ምነው?»

«ምንም። እሁድ እንገናኝ።»

ምርጫውን ለወጠው። የእንጨቱ መስመር ጠፋ፣ ኳሷ ላይ ያለው ጽሑፍ ደበዘዘ፣ የተጫዋቹ ላብ ደረቀ። ቆጠረ፤ አሥራ ዘጠኝ። ከግማሽ ምት በታች። ሚስቱ ሞከረችውና፣ «እህ! አሁን ሰማ» አለች።

እሁድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልኩ ከጎኑ ተቀመጠ። ያ ጨዋታ እንዴት እንደነበረ እህትየውም ወንድምየውም እስከ ዛሬ በየፊናቸው ያወሩታል፤ የሚስማሙት በውጤቱ ብቻ ነው። ሦስት ለሦስት፣ ስድስት ለስድስት፣ ዘጠኝ ለዘጠኝ ሄዱ። ሚስትየው መጽሐፏን ገልብጣ ማየት ጀመረች። ከዚያ እህቱ ኳሷን ከጥግ ላከች፤ ጋሽ ሰከንድ ወደ ግራ ይሆናል ብሎ ነበር፣ ወደ ቀኝ ሆነ። አሥር። ቀጥሎ ደግሞ የልጅነት ተንኮሏን አመጣች፤ ልትመታ መስላ ነካ ብቻ አደረገቻት። አሥራ አንድ ለዘጠኝ።

«አሁንስ?» ጮኸች በስልኩ። «አሁንስ ማንን ልትከስ ነው? መብራት ኃይልን?»

«ማንንም» አለ ጋሽ ሰከንድ። ፊቱ እንደ አሸናፊ ያበራ ነበር። «ይቺ የራሴ ናት።»

«ምነው ደስ አለህ? ተሸንፈህ እኮ ነው!»

«አዎ፣ ግን በሰዓቴ ነው የተሸነፍኩት።»

ሰኞ ጠዋት ሱቁን ከፈተ። ወረቀቱ እንደተለጠፈ ነው። እንዳያነሳው ልቡ ያዘው። ማሽኑ ጥፋተኛ ሆኖ ተገኘ፣ እሺ። እህቱም ያሸነፈችው በብልጠት እንጂ በፍጥነት አይደለም፣ እሺ። የአባቱ እጅ ግን የዘገየው በቴሌቪዥን አልነበረም። ይህን የሚመልስለት ጌም የለም፤ ብርጭቆው ሥር ያለችው ብቻ ናት።

ራዲዮውን አጠፋ። ሌንሱን ዓይኑ ላይ ነክሶ ብርጭቆውን አነሳ።

የጀርባዋን ክዳን ፈታ። ከውስጥ አሮጌ ዘይት ጠቁሮ ደርቋል፤ ጥፋቷ እሱ ነው። አንድ በአንድ አወጣቸው፣ አጠባቸው፣ ዘይት በመርፌ ጫፍ ሰጣቸው። ሦስተኛዋ ብሎን ከወረንጦው ላይ ዘለለች። ጎንበስ ሲል በሽርጡ እጥፋት ውስጥ አገኛትና ብቻውን ሳቀ። አሥራ ስምንት ዓመቱም ሆኖ እንዲሁ ትዘልበት ነበር፤ ያኔ ግን ብሎኗን እንጂ ራሱን አልሰደበም።

የምትወዛወዘዋ ጎማ ከጸጉር ሞላዋ ጋር ስትቀር ትንፋሹን ያዘ። አነሳት፤ ሞላዋ እንደ ጭስ ተንቀጠቀጠች። ዓይኑ ትንሽ ወደ ግራ አለ፣ ጣቱም ያኔውኑ ወደ ግራ ሄደች። ዓይኑ ቁም አለ፣ ጣቱ ቆመች። በመሃል የሚጠብቅ የለም፣ የሚያለሰልስ የለም። ጫፏ ጉድጓዷ ውስጥ ገባች። አንድ ጊዜ ገፋ አደረጋት፤ ጎማዋ ሄደች፣ ተመለሰች፣ ደግሞ ሄደች። ጆሮው ጋ ያዛትና ዓይኑን ጨፍኖ፣ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ አዳመጣት።

ማክሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ሲስተር መጣች። በሩ ላይ ቆማ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበበች።

«የሴት ሰዓት አትቀበልም አሉ» አለች።

«አልቀበልም አልኩ እንጂ አልመልስም አላልኩም፣ ሲስተር። ይኸው።»

ሰዓቷን ተቀብላ ወደ ጆሮዋ አላስጠጋችም፤ ሰዓት ሠሪውንም አላመሰገነችም። ወንበር ስባ ተቀመጠችና፣ «እጅህን አምጣ» አለች።

«የኔን?»

«ታዲያ በማን ልሞክራት? በመስታወቱ?»

ቀኝ እጁን ዘረጋላት። አንጓው ላይ ሁለት ጣቷን ጫነች፣ ዓይኗን ሰዓቷ ላይ ተከለች፣ መቁጠር ጀመረች።

«ግማሽ ደቂቃ አይበቃም?» አላት ትንሽ ቆይቶ።

«ሰው በግማሽ አልለካም። አትናገር።»

መንገድ ላይ አውቶቡስ ቆመ፣ ሄደ። ሽቦ መበየጃውን ይዞ በሩ ላይ ብቅ ብሎ፣ ነገሩን አይቶ በእግሩ ጣቶች ጫፍ ተመለሰ። ቀጭኗ ሰከንድ ቆጣሪ አንድ ዙር ሙሉ ሳትደናቀፍ ዞረች። ሲስተር ጣቷን አነሳች።

«ሰዓቷ ደህና ናት» አለች። «አንተ ግን ሰማንያ ስምንት ነህ። ለተቀመጠ ሰው ትንሽ ይፈጥናል።»

«ምን አሉ?»

«ይፈጥናል አልኩህ። ጆሮህም ደከመ እንዴ?»

«የለም፣ ሰምቻለሁ» አለ ጋሽ ሰከንድ፣ በግራ እጁ ከጀርባው ወረቀቱን ከመስታወቱ እየላጠ። «ግን እባክዎ፣ አንዴ ይድገሙልኝ።»